ባቡር ውስጥ በእግር

ጎንደር ባቡር የላትም፤ ስለዚህ «የባቡር ጉዞ አስተባባሪ ነኝ» ስል ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ። ድሮ ለውጭ አገር ሰዎች ቤተ መንግሥቱን አስጎበኝ ነበር። እንግዳው ሲጠፋ፣ ማራኪ ሰፈር የተከራየኋት ክፍል ውስጥ እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ የደብራችንን ምእመናን ለሐምሌ ገብርኤል ቁልቢ ማድረስ ጀመርኩ። እስከ አዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ ከዚያ እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከድሬዳዋ ሽቅብ ደግሞ በሚኒባስ ነው የምንሄደው።

ሥራው ላላወቀው ትኬት መቁረጥና ሰው መቁጠር ይመስላል። እውነቱን ለመናገር ግን አብዛኛው ልመና ነው። ሾፌሩን ቀስ በል፣ የሆቴሉን ሰው ለአዛውንቶቹ ምድር ቤቱን ስጥልኝ፣ የባቡሩን ተቆጣጣሪ እባክህ ታገሠን እያልኩ ስለ ሰው ስለምን እውላለሁ። ደግሞ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። እናቴ «አንቺ ሰው የምትመሪው በቁጣ ነው» ትለኛለች፤ አልዋሸችም።

ከሁሉ የማልረሳው መንገዱ ሰላም በነበረበት ዓመት ያደረግነውን ጉዞ ነው። ከጎንደር ልንነሣ ስንል አንድ ባጃጅ ነጂ እናቱን ይዞ መጣ። ከዳባት በላይ ያሉ ገበሬ ናቸው፤ ከጎንደር ወዲያ ተሻግረው አያውቁም። ልጁ ቦርሳቸውን እግሬ ሥር አስቀመጠና ጉልበታቸው እንደ ደከመ፣ እንዳይወድቁበት እንደ ዓይኔ ብሌን እንድጠብቅለት ነገረኝ። እሺ አልኩት። እሺ ማለት ቀላል ነው።

አውቶቡሱ ውስጥ እኒህ እናት መስኮቱን ተደግፈው ዝም ብለው ያለቅሳሉ። ልጃቸው ናፍቋቸው መስሎኝ ከረሜላ ሰጠኋቸው።

በማግስቱ ባቡሩ ውስጥ ስንገባ የፈራሁት ጣጣ ተጀመረ። የኛ ሰው በትኬት ቁጥር አይቀመጥም። ታላቅ ቆሞ ታናሽ፣ ካህን ቆሞ ምእመን ወንበር አይነካም። «ይቀመጡ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ»፣ «በሞቴ» እየተባባሉ መተላለፊያውን ዘጉት። አብረውን የመጡት የደብራችን ቄስ ካልተቀመጡ የማክሰኝቷ እህል ነጋዴ አትቀመጥም፤ ቄሱም አዛውንቶቹ ካልቀደሙኝ አሉ። አንድ በአንድ ትከሻቸውን እየተጫንኩ አስቀመጥኳቸው። የዳባቷ እናት ብቻ ቀሩ። እሳቸውንም ይሉኝታ የያዛቸው መስሎኝ በሞቴ አልኩ፣ በገብርኤል አልኩ። ባቡሩ ተነሣ። እሳቸው የወንበር ጫፍ ይዘው እንደ ቆሙ ናቸው።

ምክንያቱን የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው። ያ ባጃጅ ነጂ ልጃቸው በሕፃንነቱ ኩፍኝ ይዞት ሊሞት ሲል፣ ቢድንላቸው ቁልቢ ድረስ በእግራቸው መጥተው ሊሳለሙ ተስለዋል። ልጁ ዳነ። እሳቸው ግን አንዱን ዓመት አዝመራ፣ አንዱን ወሊድ፣ አንዱን ሐዘን እየያዛቸው ሳይሄዱ ጉልበታቸው አለቀ። ልጁ ስለቱን ያውቃል፤ በእግር መሆኑን ግን እንዳይጨነቅ ብለው ደብቀውታል።

«ቁጭ ብዬ ሄጄ ገብርኤልን ምን እለዋለሁ?» አሉኝ። «የሰጠኝን መልሶ የወሰደብኝ እንደሆንስ?»

ቄሱን በዓይኔ ለመንኳቸው። እሳቸውም ግእዙን ከአማርኛው እያስማሙ፣ እግዚአብሔር ልብን እንደሚያይ፣ አቅም ያጣ ሰው እንደማይጠየቅ አስረዷቸው። እናትየዋ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ፣ መስቀሉን ተሳለሙ፣ እንደ ቆሙም ቀሩ። ይባስ ብሎ ተቆጣጣሪው መጥቶ አስቀምጫቸው አለኝ። ልጁ ትዝ አለኝ። ወድቀው ቢሰበሩ ምን ብዬ ነው ፊቱን የማየው? ፍርሃቴ እንደ ልማዱ ቁጣ ሆኖ ወጣ።

«እናቴ፣ ቆሞ መሄድም እኮ በእግር መሄድ አይደለም!»

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ረጅሙን መተላለፊያ አሻግረው አዩ። ነጠላቸውን አጠበቁና መራመድ ጀመሩ።

ተከትዬ ሮጥኩና ብብታቸው ሥር ገባሁ። ተቆጣጣሪውን ለመንኩት፤ ቢወድቁ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ ብሎ ተወን። ፉርጎው ሲወዛወዝ አብረን እንወዛወዛለን። መጨረሻው ስንደርስ ዞረን እንመለሳለን። መንገደኛው ግራ ገብቶት ያየን ነበር፤ ወሬው ከወንበር ወንበር ሲዳረስ ግን እግሩን ይሰበስብልን፣ ዕቃውን ከመንገዳችን ያነሣልን ጀመር።

አዳማን ስናልፍ እኔ ደከምኩ፣ እሳቸው አልደከሙም። ነጋዴዋ ተነሥታ ተቀበለችኝ። ከእሷ ቄሱ ተቀበሏት፤ ጥምጥማቸው የላይኛውን ዕቃ መጫኛ እየነካ እናትየዋን ደግፈው ወዲያ ወዲህ ሲሉ ሳይ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። አዋሽ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ አንዲት ሂጃብ የለበሰች የድሬዳዋ ሴት ማንም ሳይጠይቃት መጥታ ክንዳቸውን ያዘች። ስለ ልጆቻቸው ሲጠያየቁ ሰማሁ። ያ ተቆጣጣሪ እንኳ በኋላ ፊት ፊት እየሄደ በር ይከፍትላቸው ነበር።

ላብ ሲያጠምቃቸው ያየሁት ቆይቶ ነው። ቄሱም አዩ። በዚህ ጊዜ ግእዝ አልጠቀሱም።

«በእግሩ የሚሄድ ሰው ዛፍ ጥላ ሥር አያርፍም?» አሏቸው።

እናትየዋ አሰቡበት። «ያርፋል» አሉና ተቀመጡ። ውኃ ጠጡ፣ ዳቦ ቆሎ ቆረጠሙ፣ ለሴትየዋም አካፈሏት። ከዚያ ጥላው በቃኝ ብለው ተነሡ። እንዲሁ እያረፉ፣ እየተነሡ ድሬዳዋ ገባን። እኔ የመራሁት ቡድን እንደዚያ ቀን አኩርቶኝ አያውቅም።

ሚኒባሱ ግን ጉድ ሠራን። ጣራው ዝቅ ያለ ስለሆነ መራመድ ቀርቶ መቆምም አይቻልም። እናትየዋ በሩ ላይ ቆመው ቆመው ገቡና ተቀመጡ። ፊታቸው ጠቆረ። ቁልቢ ስንቃረብ ሾፌሩን ለምኜ ከታች አስቆምኩት፤ ሁላችንም ወርደን በእግሩ ከሚጎርፈው ምእመን ጋር ተቀላቀልን። ፊታቸው ግን አልተፈታም።

የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስንደርስ መሬቱን ሳሙ። ቀና ሲሉ እጄን ያዙና፣ ከጎረቤት ጋር እንደሚነጋገር ሰው፣ ድምፃቸውን ሳይደብቁ ተናገሩ።

«ገብርኤል፣ አልዋሽህም። አውቶቡሱንና ይህን ትንሹን ማኪና ተቀምጨ ነው የመጣሁ። ባቡሩን ግን በእግሬ ነው። ይችው ምስክሬ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ምነው ዝም አልሽ? ንገሪው እንጅ።»

ሾፌሩንም፣ የሆቴሉንም ሰው፣ ተቆጣጣሪውንም ስለ ሰው ስለምን ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን ምላሴ ታስሮ አያውቅም። ያን ዕለት ታሰረ። ዓይናቸው አፌ ላይ ነው።

«በእግራቸው ነው» አልኩ። «አብሬያቸው ሄጃለሁ።»

እናትየዋ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ከዚያ የደበቁትን ሊነግሩት፣ ጎንደር ደውዬ ልጃቸውን እንዳገናኛቸው ጠየቁኝ።