አህያ ለምን ጎማ የላትም?

ከኮኪት ከተማ መውጫ ላይ አንድ አይሱዙ ጭቃ ውስጥ ሲያጓራ፣ የጎማው ቃጠሎ ሽታ ልጅነቴን አመጣብኝ።

እህቴን ወባ ጥሏት ከእናቴ ጋር በአህያ ወደ ሸሕዲ ጤና ጣቢያ ስንወስዳት፣ አንድ ወጣት የሰሊጥ ባለሀብት «በዚች ልትደርሱ ነው?» ብሎ ስቆ ትራክተሩ ላይ ጫናት። አህያዋን አስከተልን። ብዙም ሳንርቅ የዋልካው ጥቁር ጭቃ ጎማውን ዋጠው። እናቴ እህቴን አውርዳ አህያዋ ላይ መለሰቻት።

«እማዬ፣ አህያ ለምን ጎማ አልተፈጠረላትም?» አልኳት።

«መንገድ ካልጠረጉለት የማይሄድ እግር፣ እግዜር ምን በወጣው ይፈጥራል? አህያዋ መንገድ ሠሪ ልትቀጥር ነው?»

«እኔስ፣ እትዬ?» አለ ባለሀብቱ።

«አንተማ ባለጎማ ነህ፤ ቁጭ በል።»

እህቴ ዳነች። እሱ ትራክተሩን ሲጠብቅ ከረመ። ያኔ የእናቴ ነገር ግማሹም አልገባኝም ነበር። ዛሬ አገሩ ሁሉ መኪና ሲገዛ አያለሁ፤ መንገድ የሚጠርግ ግን አንድም የለም።