ስለ ጽጌ ዘር የተናገርኩት

ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። የሚስቴ ታናሽ እህት ጽጌ ሳታገባ የቀረችው በእኔ ቃል ነው።

ልጄ ዳዊት በተወለደ በዓመቱ፣ ዕድገቱ ቢዘገይብን፣ ደብረ ብርሃን ላይ ሐኪም አየው። "አንድ ትርፍ ክሮሞዞም አለው" አለን። ትምህርት ቤት ባልገባም ያገኘሁትን አነባለሁ፤ ክሮሞዞም ዘር የሚያወርድ ነገር መሆኑን አንድ መጽሐፍ ላይ አይቼ ነበር። ከዚያ ወዲያ አላነበብኩም። ለምን አላነበብኩም? ያገኘሁት ስለተመቸኝ ነው።

በዚያው ሰሞን ጽጌን ለልጃቸው የፈለጉ ሽማግሌዎች ከጎረቤላ መጡ። አንደኛው ለብቻዬ ወሰድ አድርጎ፣ "አንተ የምታነብ ሰው ነህ፤ የዚህ ሕፃን ነገር ከማን ወገን ነው?" አለኝ። ልጆቼን ስለ ውሸት የምቀጣው እኔ፣ "በክሮሞዞም የመጣ ነው፤ ክሮሞዞም ማለት ዘር ነው። በእኔ ወገን እንዲህ ያለ አልታየም" አልኩት። ሽማግሌዎቹ አልተመለሱም። ወሬው ተሰማና ሌላም ጠያቂ አልመጣም። ጽጌ ምክንያቱን እስከ ዛሬ አታውቅም።

ባለፈው ክረምት ታላቋ ልጄ ማርታ ለባዮሎጂ ፈተና ስታጠና "ክሮሞዞም ማለት ዘር ነው" ብዬ ላስተምራት ሞከርኩ። ሳቀችብኝ።

"አባዬ፣ እማዬ የምትፈትለውን እይ። ዲኤንኤ ክሩ ነው። ክሮሞዞም የተጠቀለለው ልቃቂት። ጂን ደግሞ ከክሩ አንዷ ክፍል ናት፤ አንዷ ለዓይንህ፣ ሌላዋ ለቁመትህ።"

"የዳዊትስ?"

"የእሱ ክር ደህና ነው። ገና ሲፀነስ ልቃቂቶቹ ሲከፋፈሉ አንድ ተርፎ ገባበት። አብዛኛውን ጊዜ እንዲያው የሚያጋጥም እንጂ ከዘር የሚወርድ አይደለም። ደግሞ ከልቃቂቶቹ ግማሹ ያንተ አይደል እንዴ?"



አላወቅኩም ነበር ልበል? አላወቅኩም። አለማወቄን ግን አውቅ ነበር። "አላውቅም" ማለት ይከብድ ነበር? አይከብድም። ከእኔ እንዳይሆን ስለፈለግሁ በጽጌ ላይ ጣልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም።

ዳዊትን ሸሚዙን መቆለፍ ያስተማረችው ጽጌ ናት። እኔ ትዕግሥት አጥቼ የተውኩትን እሷ እየሳቀች አስለመደችው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመጣ፣ ሚስቴ ባለችበት፣ ለሽማግሌው ያልኩትን ቃል በቃል እደግምላታለሁ። ክሮሞዞም ምን እንደሆነ ግን አላስረዳትም። ያንን ከጀመርኩ ለራሴ መከራከሬ ነው።