ፈረስ ቢጠየቁ

የበደለኝ የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ነው። የበደለኝም አምና፣ የገና ሰሞን። ስሙን አልጠራም፤ ደብረ ብርሃን ላይ የማያውቀው የለም፣ እሱም ራሱን ያውቃል።

ኮሌጁ ውስጥ ስፖርት ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ስወጣ ወንበሬን የወረሰው እሱ ነው። በሽኝቴ ዕለት ብርድ ልብስ አሸከመኝ። ብርድ ልብስ በሚመረትበት ከተማ ብርድ ልብስ መሸለም ስጦታ ይሁን «ተከናንበሽ ተኚ» ማለት አንባቢ ይፍረድ። እኔ ፈርጃለሁ።

አምና አንድ የከተማው ፋብሪካ የገና ጨዋታ ቡድን ሊያቋቁም ተነሣ። ከኮሌጁ ተማሪዎች አንድ ጎበዝ መርጦ በቋሚ ደመወዝ ሊቀጥር ነበርና ኃላፊው የመራጮቹ ሰብሳቢ ሆነ። ደወለልኝ። «እትዬ፣ ያለ እርስዎ ዓይን አይሆንልንም» አለኝ። ሲፈልገኝ ድምፁ ማር ነው። ማር መሆኑን እያወቅኩ ሄድኩ። ቤት መዋል ሰልችቶኝ ነበር።

ሰው የገና ተጫዋች ሲመርጥ ዱላውን ያያል። ማን አርቆ ለጋ፣ ማን ሩሯን አጮኻት ይላል። ሩሯ እንግዲህ ከእንጨት የተጠረበች ትንሽ ኳስ ናት፤ በደንብ ስትመታ በእርግጥም ትጮኻለች፣ ጩኸት ግን ግብ አይሆንም። እኔ ያደግኩት አንኮበር ነው። አንኮበር ላይ ለጥ ያለ ሜዳ ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው፤ ሩር ካመለጠች ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ነው መንገዷ። ወንድሞቼ ይለጋሉ፣ ወርጄ የማመጣት እኔ ነኝ። ስለዚህ ማን ወዴት እንደሚለጋ ገና ዱላውን ሳያነሣ ማወቅ ለእኔ ጥበብ አልነበረም፤ ጉልበቴን ማዳኛ ነበር። ዛሬም ተጫዋች ስመርጥ የማየው እግሩን ነው፤ ይልቁንም ሩሯን ሲቀሙት ምን እንደሚያደርግ።

ለመጨረሻው ምርጫ የቀሩት ሁለት ነበሩ። አንዱ ትከሻው በር የሚያህል የከተማው ልጅ ነው። ሲለጋ ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ እሱም ማን እንዳጨበጨበ ለማየት ይቆማል። ሩሯን ሲቀሙት ደግሞ ወገቡን ይዞ ዳኛውን ያያል። ሌላው ቀጭን ነው። ቤተሰቡ ከምዕራብ ተፈናቅለው ከተማው ዳር መጠለያ ውስጥ ይኖራሉ። ውርጩ ሜዳውን ነጭ ባደረገበት ጠዋት ቀድሞ መጥቶ እግሩን ሲያፍታታ አየዋለሁ። ሩሯን ሲቀሙት አይቆምም፤ ቀሚው ከመዞሩ በፊት መንገዱ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ብቀጠር እናቴን ከድንኳን አወጣታለሁ ብሎ ለጓደኞቹ ሲናገር ሰምቻለሁ። እኔ ግን የመረጥኩት ስለ እናቱ አይደለም። ስለ እግሩ ነው።

በምርጫው ቀን ሕዝብ ተሰብስቦ ሳለ ምርጫዬን ተናገርኩ። ሰብሳቢው አልተከራከረኝም። ልጁ ነገ ሰላም ሲሆን አገሩ ይገባል፣ ለሚሄድ ሰው ደመወዝ አይመደብም አለና ወደ ተጫዋቾቹ ዞሮ ዱላውን እያወዛወዘ ገጠመብኝ፦

«እሜቴ ዳኛችን ዓይናቸው ቢጎዳ፣
ፈረስ ቢጠየቁ አመጡ እንግዳ።»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ባለ ትከሻውም እዚያው ተመረጠ። ፊቴ ሲለዋወጥ አይቶ መሰለኝ፣ ሰብሳቢው ጠጋ አለና «እትዬ፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አለኝ።

እኔን ያንገበገበኝ ግጥሙ አይደለም። ግጥሙ ደኅና ነው፤ ከእሱ አልጠብቅም ነበር። ያንገበገበኝ አባባሉ ነው። ያ አባባል የወጣው በገና ቀን ሎሌ ጌታውን እንዲሰድብበት ነው። ጌታ ሎሌውን ሰድቦ «አትቆጣ» የሚልበት አይደለም።

ስወጣ ልጁ ተከተለኝ። «እማማ፣ በእኔ ምክንያት ተሰደቡ» አለኝ።

«ስድቡ የእኔ ነው፤ አንተ አትካፈለኝ» አልኩት። «ነገ ዱላህን ይዘህ መናኸሪያ ና።»

በማግስቱ በሚኒባስ ጫጫ ወረድን። እዚያ ያለ አንድ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ የጥንት ተማሪዬ ነው። እሱም ቡድን ሊያቋቁም ማሰቡን ሰምቼ ነበር። ልጁን ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳያጫውተው የት አገኙት አለኝ። ደብረ ብርሃን ጥለውት አልኩት። ልጁ ተቀጠረ።

ዘንድሮ በገና ሰሞን ሁለቱ ቡድኖች ደብረ ብርሃን ላይ ተገናኙ። ልጁን ልቀበል ጫጫ ወርጄ አብረን በሚኒባስ ስንመጣ ሁለት ስንኝ አስጠናሁት። መጀመሪያ ነውር ነው ብሎ እምቢ አለኝ። ነውርነቱ ለገና አይሠራም አልኩት።

ባለ ትከሻው ለጋ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ እሱም እንደ ልማዱ ቆመ። የእኔው ልጅ ሩሯን ከእግሩ ሥር ወስዶ አገባት። ከዚያ እየሮጠ ሰብሳቢው ፊት ቆመና ዱላውን አነሣ፦

«ሰብሳቢው ጌታችን ዓይናቸው ደኅና፣
እንግዳው ቢገባም አላዩትም ገና።»

የጫጫ ሰው ተቀብሎ ደጋገመው፤ ቀጥሎ የደብረ ብርሃንም ሰው። ጨዋታው ሲያልቅ ሰብሳቢው ፊቱን አጥቁሮ ወደ ተቀመጥኩበት መጣ።

«ይህን ያወጡት እርስዎ ነዎት?»

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አልኩት።

የልጁ እናት አሁን ጫጫ ቤት ተከራይታለች። ብርድ ልብሱን ለእሷ ሰጠኋት። አዲስ ነበር፤ ከላስቲኩ አልወጣም።