ስልክ የሚያቋርጠው አውሮፕላን

አንዳንዱን ነገር አሳስቼ አስታውሼ ይሆናል። ከነቀምቴ መውጫ ባለው ኬላ ሚኒባሳችንን የፈተሸው ወታደር ከቦርሳዬ የብረት ሞዴል አውሮፕላኔን አወጣ።

«ይሄ ቦምብ ጣይ ነው?»

«አይደለም። እውነተኛው ራዳርና ሬዲዮ ያውካል፤ ስልክም ሊያቋርጥ ይችላል» አልኩ፣ እንዳልሳሳት ተጠንቅቄ።

«በዚህ ዕድሜህ አሻንጉሊት!» ብሎ አውሮፕላኑን መለሰልኝ።

አጠገቤ የተቀመጡት እናት ግን ክንዴን ያዙ። «ኢልማ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ እባክህ አጥፋልኝ። የኪራሙ ስልክ ተቋርጦ፣ እዚያ ያለው ልጄ ድምፁ ከጠፋ ሰነበተ።»

ማስረዳት አቃተኝና የአውሮፕላኑን ሆድ ጫን አደረግኩ። ወዲያው ስልካቸው ጠራ። የወንድማቸው ድምፅ ለሁላችንም ተሰማ፤ «ቤት ተመለሺ፣ ከኪራሙ ሰዎች መጥተዋል።»

«ልጄ መጣ» አሉ። አገላብጠው ስመውኝ፣ መርቀውኝ ወረዱ።

የኪራሙ ኔትወርክ ከዚያ ቀን በፊት ተከፍቶ እንደነበር በኋላ አረጋገጥኩ። ሰዎቹ መርዶ በስልክ አይነገርም ብለው በአካል የመጡ ነበሩ።