የጄኔራሉ ሩዝ

ልጅ ሳለሁ ከዘመዶቼ ሁሉ አብልጬ የማውቀው ሰው አንድ የኮሪያ ጄኔራል ነበር። ያስተዋወቁኝ ባሻ ታከለ ናቸው፤ ኮኪት አጠገብ በነበረው የአባቴ የሰሊጥ እርሻ ዘበኛ ነበሩ። በወጣትነታቸው ኮሪያ ዘምተው የዚያ አገር ብርድ ሁለት የግራ እጅ ጣቶቻቸውን አስቀርቶባቸዋል። ያኔ፣ በአጨዳ ወራት ትምህርት ቤቱ ባዶ ስለሚሆን፣ እኔም አባቴን ተከትዬ እርሻው ላይ እከርማለሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ ባሻ ትንኙን ለማባረር ደረቅ እበት ያጨሳሉ፤ ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለው ፋኖሳቸው አጠገብ ስቀመጥ፣ ጄኔራሉን በወሬያቸው ትናንት ካቆሙበት ያስነሱታል።

ጦርነቱ ሲጀመር ገና ወጣት መኮንን ነበር። ወንዝ ዳር ያሰለፈው ጦር ተበተነበት፤ መኪናው ማዶ ቀርቶ እግሩ እስኪላጥ ወደ ደቡብ ሸሸ። ባሻ ሽሽቱን አይደብቁም። «ሸሸ ብየ ነው እምነግርሽ፤ ጀግና ብቻ አርጌ ብነግርሽማ ዋሸሁሽ» ይሉኝ ነበር። ከዚያ የተበተኑትን ለቃቅሞ ወደ ሰሜን ተመለሰ፤ ማዕረግ በማዕረግ ላይ እየተደረበለት ጦርነቱ ሳያልቅ ጄኔራል ሆነ።

እኔ ግን ደጋግሜ የማስነግራቸው አንዷን ቀን ነበር። የጄኔራሉ ወታደሮች ከእነ ባሻ ጎን የነበረውን ኮረብታ ጥለው ወረዱ። መኮንኖቹ ሽጉጥ መዘዙባቸው። ጄኔራሉ ሽጉጡን አስመልሶ አንዱን ወታደር መቼ እንደበላ ጠየቀው። ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሱም ነበር። ያን ጊዜ የሩዝ ከረጢት በራሱ ትከሻ ተሸክሞ በበረዶው ላይ ኮረብታውን ወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ባሻ እዚህ ሲደርሱ ትከሻቸውን ዝቅ አድርገው አወጣጡን ያሳዩኝ ነበር።

አሥር ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ በአጨዳው መካከል፣ ከደጋ የወረዱት የቀን ሠራተኞች ማጭዳቸውን ጥለው ኩመር ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፤ ከደረሰ በኋላ ታጭዶና ታስሮ ሂላ በሚባለው ክምር ካልቆመ ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል። አባቴ ጠመንጃውን ይዞ እፊታቸው እየተንጎራደደ ሰነፎች ይላቸዋል። ሮጬ እጁን ያዝኩት።

«አባየ፣ መጀመሪያ ምን እንደበሉ ይጠይቋቸው። ጄኔራሉ እንደዚያ ነው ያረገው።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። አንዱ ተነሥቶ የቀለባቸውን ዱቄት ከከረጢቱ አባቴ እግር ሥር ዘረገፈለት፤ የነቀዘ፣ ትል የሚርመሰመስበት የማሽላ ዱቄት ነበር። አባቴ ዱቄቱን አላየም። ዞሮ ያየው ባሻን ነበር።

«ልጄን የምታስነሳብኝ አንተ ነህ?» አላቸው፤ እስከዚያች ቀን ድረስ አንቱ ሲላቸው የኖረው ሰው።

«እኔ የኮሪያውን ነው የነገርኋት ጌታየ» አሉ ባሻ ረጋ ብለው። «የርስዎን እሷው አየችው።»

ከሰዓት በኋላ ባሻ ከሥራ ተባረው ብርድ ልብሳቸውንና ፋኖሳቸውን ይዘው ወደ ሸሕዲ በሚሄድ የጭነት መኪና ሄዱ። በማግስቱ አዲስ ዱቄት መጣ። ሰሊጡም ተሰበሰበ። አባቴ እውነቱን ያውቅ ነበር ማለት ነው፤ ባሻን ግን ተመለሱ ያላቸው የለም። ይኼ ዛሬም ያንገበግበኛል።

የባሰውን የሰማሁት ባለፈው ዓመት ሸሕዲ በተደገሰ ሠርግ ላይ ነው። አባቴ፣ አሁን ሽማግሌ፣ በእንግዶች መካከል ወግ ይዟል። «አንድ የኮሪያ ጄኔራል ነበር። የሸሹ ወታደሮቹን አሰልፎ ሁለቱን ገደለ፤ የቀሩት ኮረብታውን ያዙ። ሠራተኛም እንዲሁ ነው።» እንግዶቹ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«አባየ፣ ሩዙስ?» አልኩ ከሰው ፊት።

«የምን ሩዝ?»

«ጄኔራሉ አልተኮሰም። ሩዝ ተሸክሞ ነው የወጣ። ይኸን የነገሩን ደግሞ ባሻ ታከለ ናቸው፤ እርስዎ ያባረሯቸው።»

አባቴ የያዘውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰው።

ጄኔራሉ በእርግጥ እንደዚያ አድርጎ እንደሆነ አላውቅም፤ ባሻ ጨምረውበት ይሆናል። ዛሬ እርሻው በእኔ እጅ ነው። ሠራተኛ ከመግባቱ በፊት የዱቄቱን ከረጢት ፈትቼ እጄን እከትበታለሁ፤ ከመኪናም ራሴ አወርደዋለሁ። ከረጢቱ ትከሻዬ ላይ ባረፈ ቁጥር ባሻ ፋኖሳቸውን በሦስት ጣት አንጠልጥለው መኪናው ላይ ሲወጡ ይታዩኛል። ያኔ እኔም አይሂዱ ሳልል ቆሜ አይቻቸዋለሁ።