የድምፅ አልባው ፊልም ወሬ

ጅማ ውስጥ ሠርግ እየቀረጽኩ ነው የምተዳደረው። ባለፈው ዓመት ከትሪኒዳድ አንዲት ዘጋቢ ፊልም ሠሪ መጣችና አስተርጓሚም ካሜራ ያዥም ሆንኩላት። አባቷ በወጣትነቱ እዚህ አናጢነት አስተምሯል። በልጅነቷ ስለሞተባት ከጅማ ኑሮው የቀራት ድምፅ የሌለው አጭር ፊልም ብቻ ነበር።

በላፕቶፕ አሳየችኝ። ሂርማታ ገበያ ወንበር የተሸከሙ ሰዎች ያልፋሉ። ከዚያ አባትየው ራሱ አንድ በር ላይ ብቻውን ቆሞ አፉን ሲያንቀሳቅስ ይታያል። የምስሉ ጥግ ጠቁሯል፤ ፊልሙ አርጅቶ ነው ብላኛለች።

«ብቸኛ ነበር» አለችኝ። ታሪኩንም የጀመረችው ከዚያ ነው፤ ቅድመ አያቶቹ በባርነት የተወሰዱበትን አህጉር ፍለጋ መጥቶ፣ ባዳ ሆኖ የተመለሰ ሰው። የሚያሳዝን ሙዚቃ ሳይቀር መርጣለች።

እኔ ግን በሩን አወቅኩት። ቦሳ አዲስ ቀበሌ፣ ከሰፈሬ ብዙም የማይርቅ፣ የአንድ የታወቁ አናጢ ቤት በር ነው። እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ባለቤታቸው ግን አሉ። ይዣት ሄድኩ።

አሮጊቷ መነጽራቸውን አድርገው ፊልሙን አዩት። በሩ ጋ ሲደርስ ሣቃቸው አመለጣቸው።

«ምን አዩ እናቴ?» አልኳቸው።

«አባቷ ባሌን እየተቆጣው ነዋ፤ አፉን እየው። ካሜራውን የያዘው ባሌ ነው። ‹ጣትህን አንሣ፣ መስተዋቱን ሸፈንከው› ይለዋል። በኦሮምኛ ነው እኮ የሚቆጣው።»

ተረጎምኩላት። ጥቁሩን ጥግ ደጋግማ አየችው። በእርግጥም ጣት ነው።

«ብቸኛ ነበር ወይ በላቸው» አለችኝ።

«ብቸኛ?» አሉ እሳቸው። «ዓርብ ዓርብ ከኛ ጋር ነበር የሚበላው። ሌላውንም ቀን ቢሆን ለመኝታ ካልሆነ ቤቱ አይገባም። አልሐምዱሊላህ፣ ወንድም አግኝተን ነበር።»

አለቀሰች፤ እሳቸውም እጇን ያዟት።

ሙዚቃውን አወጣችው። በምትኩ አሮጊቷ ያንኑ ፊልም እያዩ ሲያወሩ ድምፃቸውን ቀዳን፤ አማርኛውም ኦሮምኛውም፣ ሣቁም ሳይቆረጥ ገባ። ሥራው ሲያልቅ ተመልሳ መጣችና እዚያው ሳሎናቸው ውስጥ ከጎረቤት ጋር አየነው። ሰዉ የሚያውቀውን ሁሉ በስም እየጠራ ስለተንጫጫ ግማሹ አልተሰማም። እሷ ቅር አላላትም።

አሁን ዒድ በመጣ ቁጥር ለአሮጊቷ ትደውላለች፤ መሐል ሆኜ የማስተረጉመው እኔ ነኝ። ስለ ፊልሙ አያነሡም። ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ዝናብ፣ እዚያም ቡና ይበቅላል ወይ ስለሚለው ያወራሉ።