ወንዙን ወደ ሐጃ የገፉት

ሰሞኑን ሬዲዮ ስለ ካርቱም ጎርፍ ሲያወራ «የተፈጥሮ አደጋ» ሲል ሰማሁና ደሜ ፈላ። አንዳንዱ ጎርፍ እንደዚያ ይሆናል፣ አልክድም። እኔ ያየሁት ግን እንዲያ አልነበረም።

ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ካርቱም፣ አል-ማንሺያ ሰፈር፣ ጥቁር ዓባይ ዳር፣ አንድ ትልቅ ቤት ምግብ አብሳይ ነበርኩ፤ ገና ሃያዎቹን መጀመሬ ነው። ከአጥሩ በታች ሐጃ ሰልማ የሚባሉ ባልቴት ውሃው ሲሸሽ በሚተወው ደለል ላይ ጅርጂርና ሙሉኪያ የሚባሉ የሚበሉ ቅጠሎች ያለማሉ። ጠዋት ቅጠል ልገዛ ስወርድ፣ ጤዛ ያዘለውን ጅርጂር ምላሴን እያቃጠለኝ እዚያው ቆሜ እበላለሁ።

«ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ይሄ እኮ የአገርሽ አፈር ነው፤ ባሕሩ ነው ያመጣልኝ» ብለው ይስቃሉ። ዓባይን ባሕር ነው የሚሉት። እኔ ግን የተመነጠረው ተራራችን ትዝ ይለኝና መሳቅ ያቅተኛል።

በበጋው የቤቱ ጌታ አትክልት ቦታውን ወደ ወንዙ ሊያሰፋ ተነሣ። ገልባጭ መኪናዎች የፈረሰ ቤት ጡብና ኮንክሪት ቀኑን ሙሉ ውሃው ውስጥ ይደፉ ጀመር። አቧራው ድስቴ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ሐጃ በር ድረስ መጥተው ለመኑት።

«ያ ኡስታዝ፣ ጌታዬ፣ ውሃውን ወደ እኔ እየገፋኸው ነው።»

«ወንዙ ሰፊ ነው ሐጃ። ኢንሻአላህ ምንም አይሆንም» ብሎ በሩን ዘጋው።

ክረምት ገባ። ውሃው ቀላ፣ ሞላ። ፍርስራሹ ጋ ሲደርስ ተጋጭቶ ዞረና የሐጃን መሬት ከሥሩ ይገምሰው ጀመር። ትልልቅ ቁራጭ እየሆነ፣ ከነቅጠሉ፣ ዷ እያለ ይወድቃል። ሐጃ የተከናነቡትን ቶባቸውን ወገባቸው ላይ አስረው የቻሉትን ይነቅላሉ። ሮጬ ወርጄ አብሬ ነቀልኩ። በማግስቱ መሬቱ ሁሉ ሄዶ የሚነቀል አልነበረም።

ምሳ ሳቀርብ ጌታው ለእንግዶቹ «የአላህ ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል» ሲል ሰማሁት። ሳህኑን አስቀመጥኩና በተሰባበረ ዓረብኛዬ፣ «አላህ ገልባጭ ሲነዳ አላየሁም» አልኩት።

«ያላ፣ ልብስሽን ሰብስቢ» አለችኝ መዳም፣ ሚስቱ።

ሐጃ ካላክላ ሰፈር፣ ልጃቸው ቤት ገቡ። ልጠይቃቸው ስሄድ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ ያ ሥራ የማያጣው እጃቸው ጭናቸው ላይ ተጋድሟል።

ዛሬ ካርቱምን ጦርነት በትኗታል፤ ሐጃ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። በወንዙ አልቀየምም፤ መንገዱን ሲዘጉበት ሌላ ፈለገ። የሚያንገበግበኝ ያ ሰው ነው። ውሃውን በባልቴቷ ላይ ልኮ፣ እሱ በፍርስራሹ ላይ ሣር አብቅሎ፣ ወንበሩን ዘርግቶ ነፋስ ተቀበለበት። ጠያቂ አልነበረውም። አሁንም የለውም።